የሃያ ስድስት ቀን ታይኛ

«ምን አለችሽ?»

ናዲፋ ምንጣፉ ላይ ተንበርክካ ሁለት እጇን ወደ ልጇ ዘርግታለች፤ መልሱ በእጅ የሚቀበሉት ነገር ይመስል። ስልኩ ገና ከፊርዶስ ጆሮ አልወረደም፤ መስመሩ ግን ተቋርጧል። ሴትዮዋ ምን አለች? ፊርዶስ አታውቅም። ታይኛ መማር ከጀመረች ሃያ ስድስት ቀኗ ነው። ሴትዮዋ ደግሞ እንደ ቪዲዮው አስተማሪ ረጋ ብላ ሳይሆን፣ ደንበኛ እንደሚጠብቃት ሰው እየተጣደፈች ነበር የተናገረችው።

«ፊርዶስ! አንቺን እኮ ነው! ልጄ አለ?»

«አለ» አለች ፊርዶስ። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ሌላ ሰው የተናገረው መሰላት። «ደህና ነው። እሷ ዘንድ ሥራ ይዟል።»

ናዲፋ ግንባሯን መሬት አስነካች። «አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ» እያለች ተነሣችና ጫማ እንኳ ሳታደርግ ወደ ጎረቤት ሮጠች። እልልታዋ ከግቢው በር ተሰማ።

የፊርዶስ የክፍል ጓደኛ ኑሀሚን ጥግ ላይ ተቀምጣ ንግግሩን በራሷ ስልክ ስትቀዳ ነበር። ቀስ ብላ መቅጃውን አጠፋች።

«እሷ እንደዚያ አላለችም።»

«ምን እንዳለች አንቺም አታውቂም።»

«አላውቅም። አንቺም አታውቂም። ነገሩ እሱ ነው እኮ፣ ፊሩ።»

የፊርዶስ ታላቅ ወንድም አኒስ በኢንዱስትሪ ፓርኩ የነበረውን የስፌት ሥራ ለቆ የሄደው ከስምንት ወር በፊት ነው። ደላላው «ባንኮክ፣ ሆቴል ውስጥ፣ የኮምፒውተር ሥራ» ብሎት ነበር። ሁለት ወር ፎቶ ሲልክ ቆየ። ከዚያ አንድ ቀን በሹክሹክታ ደውሎ፣ ድንበር አሻግረው አጥር ያለው ግቢ ውስጥ እንዳስገቧቸውና ሰው በስልክ እንዲያጭበረብሩ እንደሚያስገድዷቸው ነገራት። ከዚያ ዝም። የደላላውም ስልክ ጠፋ። ከአርባ ቀን በፊት ደግሞ በታይላንድ መለያ፣ በስድሳ ስድስት፣ የሚጀምር ቁጥር ጠራ። «ፊሩ፣ አመለጥኩ። ወንዙን ተሻግሬ ታይላንድ ገብቻለሁ። ይቺ ሴትዮ ሾርባ ትሸጣለች፣ ቁጥሯን ያዢ» ብሎ ሌላ ነገር ሊል ሲል ተቋረጠ።

መጀመሪያ በእንግሊዝኛ ደወሉላት፤ ሴትዮዋ ዘጋች። ቀጥሎ የስልኩ መተርጎሚያ በማሽን ድምፅ እንዲናገርላቸው አደረጉ፤ ሁለት ቃል ሳይጨርስ ዘጋችው። ታዮች በሚጠቀሙበት መተግበሪያ ላይ ቁጥሯን ፈልገው አገኙት፣ ፎቶዋ የሾርባ ሳህን ነው። በመተርጎሚያ የተጻፈ መልእክት ላኩላት። ዝም አለች።

«እኔም ብሆን እዘጋለሁ» አለች ያኔ ኑሀሚን። «ከውጭ አገር ቁጥር፣ በማሽን ድምፅ የሚደውል ማን ነው? አጭበርባሪ ነዋ! ወንድምሽንስ ምን ሊያሠሩት ነው የያዙት?»

ስለዚህ በሰው አፍ መናገር ነበረባት። በራሷ አፍ።

ደብተሯን እንደ ሀሁ ገበታ በመስመር ከፈለችው። የታይ ተነባቢዎች አርባ አራት ናቸው፤ እያንዳንዱም መጠሪያ አለው።

«የመጀመሪያው ዶሮ ይባላል» አለቻት ኑሀሚንን። «ሁለተኛው እንቁላል።»

«ሦስተኛው ወጡ ነው?»

«ጠርሙስ።»

«በማርያም! ፊደል ነው ድግስ?»

ሳቁ ብዙ አልቆየም። በአማርኛ አናባቢው ከፊደሉ አካል ጋር አብሮ ይኖራል፤ እግር ይሆነዋል፣ ቀለበት ይሆነዋል። የታዩ ግን አንዴ አናቱ ላይ፣ አንዴ ከሥሩ፣ አንዴ ማዶ ይቆማል። ከፊደሉ በኋላ የሚነበበውን ድምፅ ከፊደሉ በፊት ተጽፎ ታገኘዋለች። በቃላቱ መሀል ክፍተት የለም፤ አንዱ የት እንዳለቀ፣ ሌላው የት እንደጀመረ ስትፈልግ ዓይኗ እንባ ያነባል። የባሰው ደግሞ ዜማው ነው። «ማ» ቀጥ ብሎ ሲወጣ «መጣ» ነው፣ ከፍ ሲል «ፈረስ»፣ ዝቅ ብሎ ሲነሣ «ውሻ»። ጠዋት ጠዋት ፊቷን እየታጠበች «ማ፣ ማ፣ ማ» ስትል ናዲፋ፣ «አቦ ተይኝ! ቤቴን የፍየል በረት አስመሰልሽው» ትላታለች።

ናዲፋ ቀፊራ ገበያ ጨርቅ ትሸጣለች፤ በአራት ቋንቋ ሰላም ትላለች። ቤቱን፣ ልጁን፣ ከብቱን ሳትጠይቅ ለማንም ዋጋ ነግራ አታውቅም። «ሰውን በገዛ ቋንቋው ሰላም ካልሽው ዘመድሽ ሆነ ማለት ነው» የምትለው ነገር አላት። ፊርዶስም የደብተሯን ግማሽ የሞላችው በሰላምታ ነው። ዛሬ ጠዋትም ቁጥሩን ከመምታቷ በፊት እናቷ ክንዷን ይዛ፣ «መጀመሪያ ሰላምታ! የሰው ልጅ እኮ ናት። ዘው ብለሽ ወንድሜ የት ነው እንዳትያት» ብላት ነበር።

ከሰዓት በኋላ የናዲፋ ወንድም ዐብዲከሪም መጣ። ፊርዶስ በሶማሊኛው «አብቲ» ነው የምትለው፣ የእናት ወንድም ማለት ነው። በነገው ንጋት አውቶቡስ አዲስ አበባ ሊሄድ ነበር። እዚያ፣ ባሕር ማዶ የጠፉ ልጆችን ስም የሚመዘግብ ቢሮ እስከ ማክሰኞ ብቻ እንደሚቀበል ተነግሮታል። የአኒስን የፓስፖርት ቅጂ፣ ፎቶውንና ማመልከቻውን በፌስታል ይዟል።

«እንግዲህ ልጁ ደህና ከሆነ ምን ብዬ ላመልክት?» አለ እየሳቀ፣ ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ ጥሎ። «ጠፋ ብዬ ባስመዘግበው ፖሊስ ልኬ ከሥራው ላስነሣው ነው? ቲኬቱን ማታ ለጎረቤቴ እሰጠዋለሁ።»

ፊርዶስ አፏን ከፈተች። ያን ጊዜ እናቷ ሐልዋ በሳህን ይዛ ገባች፤ ጎረቤቶችም ተከትለዋት ገቡ። ፊርዶስ አፏን ዘጋችና ወጣች። በደቻቱ ድልድይ ላይ ፀሐዩ አናቷን እየጠበሳት ኑሀሚን ቤት እስክትደርስ ሮጠች።

«ቅጂውን ክፈቺልኝ።»

ኑሀሚን ፍጥነቱን ዝቅ አደረገችው። የሴትዮዋ ድምፅ እንደ በሽተኛ ድምፅ ተጎተተ። ፊርዶስ የሰማችውን መጀመሪያ በአማርኛ ፊደል፣ ቀጥሎ በታይ ጻፈችው። «ቻ ኩይ ካፕ ክራይ ካ?» ቃል ከቃል ለየችው። ሁሉም ደብተሯ ውስጥ ነበሩ፤ ሁሉንም አጥንታቸዋለች።

ከማን ጋር መነጋገር ፈልገሽ ነው?

ሴትዮዋ ይህን ስትጠይቅ ፊርዶስ «ደህና ነሽ ወይ?» ትላለች። ሴትዮዋ እንደገና «ከማን ጋር?» ፊርዶስ «ቤተሰብሽ ደህና ነው?» ሦስተኛ ጊዜ ጠየቀች። ፊርዶስ አሁንም ሰላምታ። አስተማሪው እንዳሳያት ዜማውን ጠብቃ፣ አንድም ሳትስት። ከዚያ የሳህን ኳኳታ፣ የሚጣራ ሰው፣ ከዚያም የመስመሩ መቋረጥ።

«ሦስት ጊዜ ጠብቃኛለች» አለች ፊርዶስ። «ኑሃ፣ ስሙን እንኳ አልጠራሁም። አኒስ አላልኩም።»

መልሰው ደወሉ። ጠራ፣ አልተነሣም። ስድስት ጊዜ ጠራ። በሰባተኛው ስልኩ ዝግ ነበር።

ኑሀሚን ጥፍሯን መብላት ጀመረች። «ስሚ፣ እስከ ማክሰኞ እኮ ገና ነው። ነገ ትከፍተው ይሆናል። ካነሣች ጠይቀሽ እውነቱን ታውቂያለሽ፤ ማንም ምንም ሳይሰማ ያልፋል።»

«ካላነሣችስ?»

ኑሀሚን ደብተሩን ከድና ሰጠቻት።

ፊርዶስ በእግሯ ተመለሰች። ባጃጆች ጥሩምባ እየነፉ አለፏት፤ አልሰማቻቸውም። «ነገ ታነሣለች» የሚለው ሐሳብ ደስ ይል ነበር። ለስላሳ ነበር። መንገዱን ሙሉ በእጇ እንደያዘችው ሄደች፤ በሩ ላይ ስትደርስም አልጣለችውም።

ቤቱ ሞልቷል። ናዲፋ በጎረቤቶቿ መሀል ተቀምጣ እየበላች ነው። ከአርባ ቀን ወዲህ ጠግባ ስትበላ ያየቻት ዛሬ ነው። አንዷ ጎረቤት «አሁን ደግሞ ታይ ሚስት ይዞልሽ ይመጣል» ስትላት፣ «ሾርባዋን ከቻለች ትምጣ፣ ማ ማ እያልን እናወራለን!» አለችና ሁሉም ሳቁ። ፊርዶስም ልትስቅ ሞከረች። ወደ አጎቷ ዞረች።

«አብቲ፣ ቲኬቱን ሰጠኸው?»

«አሁን ልወጣ ነው። ምነው?»

«እንዳትሰጠው።»

ሳቁ ቀስ በቀስ ቆመ።

«ሴትዮዋ ደህና ነው አላለችም። ምንም አላለችኝም። እኔ ነኝ ያልኩት።»

«ወላሂ በይ» አለ ዐብዲከሪም።

«ወላሂ።»

ናዲፋ የያዘችውን ጉርሻ ወደ ሳህኑ መለሰችው። «በሕይወት አለ ወይ ብለሽ ስትጠይቂያትስ?»

«አልጠየቅኳትም፣ ሆዮ። ሰላምታ ላይ ነበርኩ።»

በሶማሊኛ «ሆዮ»፣ እናቴ፣ የምትላት ስትጨነቅ ብቻ ነው። ናዲፋ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ሰላምታውን ማን እንዳዘዘ ሁለቱም ያውቃሉ፤ ሁለቱም አላነሡትም። ጎረቤቶቹ አንድ በአንድ ነጠላቸውንና ሽርጣቸውን እየሰበሰቡ ወጡ። ዐብዲከሪም ፌስታሉን አንሥቶ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አየ፣ መልሶ ከተተ። ፊርዶስን አልተቆጣትም። ቢቆጣት ይሻላት ነበር። «ለንጋቱ መናኸሪያ አጠገብ አድራለሁ» ብሎ ወጣ።

የመግሪብ አዛን ሲያበቃ ፊርዶስ ከደብተሯ ንጹሕ ገጽ ቀደደች። በማሽን የተጻፈ መልእክት ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ የአጭበርባሪውም፣ የእሷም። የእጅ ጽሑፍ ግን የሰው ነው። የታይ ፊደል እንደሚጻፈው ከትንሿ ክብ እየጀመረች፣ አንዱን ፊደል አሳንሳ ሌላውን አተልቃ ጻፈች። እዚያም የማያውቋትን ሴት አክስት ብለው እንደሚጠሩ ተምራለች።

አክስቴ፣ አኒስ ወንድሜ ነው። በአንቺ ስልክ ደውሎልኝ ነበር። የት ነው?

ናዲፋ መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች። የማታነበውን ወረቀት ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ሰላም ብለሻታል?»

«አላልኳትም።»

ማራገቢያው ወረቀቱን ሲያነሣባት ናዲፋ ጫፉን በጣቷ ያዘችላት።

ፊርዶስ ወረቀቱን ፎቶ አነሣችው፣ ከአኒስ ፎቶ ጋር ላከችው። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ከሥሩ «ተነቧል» የሚል ምልክት ወጣ። ሁለቱም ጎንበስ ብለው ጠበቁ። በዚያ ምሽት መልስ አልመጣም። ዐብዲከሪም ሰኞ የአኒስን ስም አስመዝግቦ ሲደውልም አልመጣም፤ ከዚያም ወዲህ።