የፖስታ ሣጥኑ ኪራይ

የታዳጊዋ የሠርክ እርሳስ «የፖስታ ሣጥን ኪራይ፣ በዓመት ስድስት መቶ ሺሊንግ» በሚለው መስመር ላይ ቆመ። ቀድሞ የባንክ ሠራተኛ የነበሩት ጋሽ ቶሎሳ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ናይሮቢ፣ ኢምባካሲ ሰፈር ባለው ጸሎት ቤት ለታዳጊዎች የገንዘብ አያያዝ ያስተምራሉ። የዛሬው የቤት ሥራ የቤተሰብን ወጪ ዘርዝሮ፣ ሊቀር የሚችለውን አንዱን መለየት ነበር።

«ይኼማ ምን ያጠያይቃል?» አለች ከጎኗ የተቀመጠችው ርብቃ፣ አንገቷን አስግጋ። «ባዶ ሣጥን ከምትቀልቡ ጫማ አትገዢም? ያንቺ እኮ አፉን ከፍቶ እየሳቀብን ነው።» ቀጥላም «ፖሌ ሳና» ብላ በስዋሂሊ ለጫማው አዘነችለት።

ሠርክ ሳቀች፤ መስመሩንም ሰረዘችው።

አመሻሽ ላይ እናቷ የውብዳር ከዌስትላንድስ ሰፈር የጽዳት ሥራዋ ስትመለስ ወረቀቱን አሳየቻት። የሠርክ አባት ወታደር ነበር፤ ሠራዊቱ የተበተነ ጊዜ ደብዛው ጠፋ። እናትና ልጅ በሞያሌ አድርገው ናይሮቢ ገቡ። ከዚያ ወዲህ የውብዳር ወደ አገር ቤት ለሚመለስ ነጋዴ ሁሉ የሣጥኑን ቁጥር በብጣሽ ወረቀት እየጻፈች ሰጥታለች። ባሏ በሕይወት ካለ፣ እነሱን የሚያገኝበት ሌላ አድራሻ የለውም። በአምስት ዓመት ውስጥ አንድም ደብዳቤ አልመጣም።

ሠርክ እናቷ የምትቆጣ መስሏት ነበር። የውብዳር ግን ለዘንድሮው ኪራይ ያስቀመጠችውን ገንዘብና የሣጥኑን ቁልፍ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ልክ ነሽ፣ ልጄ። ሰኞ ከትምህርት ቤት ስትመለሺ ቁልፉን አስረክቢልኝ። በገንዘቡ ጫማ ግዢ።»

«አብረን እንሂድ፣ እማዬ።»

«እኔ አልችልም» አለች የውብዳር፤ ፊቷንም ወደ ግድግዳው አዙራ ሻሿን ትፈታ ጀመር።

ሰኞ ዕለት ሠርክ ሣጥኑን ለመጨረሻ ጊዜ ከፈተችው፤ አቧራ ብቻ ነበር። ወረፋ ጠብቃ ቁልፉን በመስኮቱ አሳለፈች። ሠራተኛው መዝገቡን ሲያገላብጥ፣ ከዛሬ በኋላ በዚህ ቁጥር ደብዳቤ ቢመጣ ምን እንደሚሆን በስዋሂሊ ጠየቀችው። ሰውዬው ቀና ሳይል መለሰላት፦ ሣጥኑ ለሌላ ሰው ይከራያል፤ ደብዳቤው «እዚህ አይታወቁም» የሚል ማኅተም ተመትቶበት ወደ ላኪው ይመለሳል።

የአባቷ መልክ ከጠፋባት ቆይቷል፤ እጁን ግን ታስታውሳለች። የግራ አውራ ጣቱ ጥፍር አልነበረውም። አሁን ያ እጅ የተመለሰ ፖስታ ይዞ፣ ማኅተሙን ወደ ብርሃኑ አስጠግቶ ሲያገላብጠው ታያት።

ሠራተኛው የመልቀቂያውን ቅጽ ገፋ አደረገላት። ከኋላዋ የተሰለፉት ማጉረምረም ጀመሩ። ሠርክ ቅጹን ሳትፈርምበት መለሰችለት፤ እጇንም ዘርግታ ቁልፉን አነሣች። ሰውዬው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አያት።

«የምትጠብቂው ደብዳቤ አለ?»

«የለም» አለች። እውነቷን ነበር።

ከዚያም የጫማውን ገንዘብ ቆጥራ በመስኮቱ አሳለፈችለት።