ከባዱ ፓወር ሰፕላይ

ቅዳሜ ጠዋት ነው። ፊውዝ አልጋዋ ላይ ሆና ቤቱ ሲነቃ ታዳምጣለች። መጀመሪያ የእናቷ ነጠላ ጫማ በኮሪደሩ ሸርተት ሸርተት አለ። ቀጥሎ ቧንቧው ፏ ብሎ ተከፈተ፤ የሻይ ማንቆርቆሪያው ምድጃ ላይ ተጣደ። ከዚያ እናቷ ወደ መኝታ ቤቷ ተመልሳ ጥግ ላይ የተቀመጠውን አሮጌ ኮምፒውተር አበራችው። ቀጭ። ማራገቢያው አንዴ እንደ መሳል አለና ማንጎራጎር ጀመረ።

ኮምፒውተሩን የሚጠቀምበት ሰው የለም። የፊውዝ አባት ነበር የሚሠራበት፤ ክፍሎቹን አንድ በአንድ መርጦ ያሰባሰበው እሱ ነው። ካረፈ ወዲህ እናቷ በየጠዋቱ ታበራዋለች፣ በጨርቅ ትወለውለዋለች፣ ከቤት ስትወጣ ታጠፋዋለች። ለምን እንደሆነ ማንም አልጠየቃትም። እሷም አልተናገረችም።

«ፊውዝ! ሻይሽ ቀዘቀዘ!»

ፊውዝ ብሎ ስም ያወጣላት አባቷ ነው። ትንሽ ሲበዛባት ቱግ ስለምትል። አሁን አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ጠባይዋ ግን ከስሙ ጋር አብሮ አድጓል።

ሳሎኑ ውስጥ፣ ጠረጴዛው ላይ፣ የራሷ ኮምፒውተር ጎኑ ተከፍቶ ቆሟል። ክፍሎቹ ሁሉ የሚሰኩበትን ሰሌዳ፣ ማዘርቦርዱን፣ ያገኘችው ትምህርት ቤቱ ከጣለው ዕቃ መሃል ነው። ሥዕል የሚያቀናብረውን ግራፊክስ ካርድ አክስቷ ከመሥሪያ ቤቷ ለምና አምጥታላታለች። የቀረው ፓወር ሰፕላይ ብቻ ነው፤ ከግድግዳው የሚመጣውን ኤሌክትሪክ ተቀብሎ ለሁሉም የሚያከፋፍለው ሳጥን። ለትምህርት ቤቱ መዝጊያ ትርኢት ከጓደኛዋ ጋር ተንቀሳቃሽ ሥዕል እየሠሩ ነው። ሥዕሎቹን ቪዲዮ ለማድረግ ኮምፒውተሩ ሙሉ ቀን ሳያርፍ መሥራት አለበት። ፓወር ሰፕላዩ ደካማ ከሆነ መሃል ላይ ይጠፋል። ከባሰም ካርዱን ይዞት ይቃጠላል፤ ሌላ ካርድ ደግሞ ከየትም አይመጣም።

ሻይዋን ሳትጨርስ በሩ ተንኳኳ። የእናቷ ታላቅ ወንድም ናቸው። ከኋላቸው የክፍል ጓደኛዋ ተከትላ ገባች፤ አፏ ስለማይዘጋ ትምህርት ቤቱ ሁሉ «ሬዲዮ» ይላታል።

«ኢንጂነሯ የት አለች?» አሉ አጎቷ፣ አንድ ቀይ ሳጥን ከፍ አድርገው። «ከእንግዲህ መነጫነጭ ቀረ። ሰባት መቶ ዋት! ያውም ባለ መብራት! ማራገቢያው ሲዞር ሰማያዊ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ ነው የሚለው።»

«ጋሼ፣ ቀውጢ ነው!» አለች ሬዲዮ።

«ነዋ! የእህቴን ልጅ ኮምፒውተር ዛሬ እጨርስላታለሁ ብዬ ሰፈሩን ሁሉ አውርቻለሁ።»

ፊውዝ ዕቃውን ከሳጥኑ አወጣችው። መዳፏ ላይ አስቀምጣ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ አደረገችው። አባቷም እንዲህ ያደርግ ነበር። ሻጩ ሲያወራ እሱ ዝም ብሎ በመዳፉ ይመዝናል። «ውስጡ መዳብና ብረት ያለው ይከብዳል» ይላት ነበር። «የሌለውን ምን ቢያስጌጡት አይከብድም።»

ይሄኛው እንደ ባዶ የብስኩት ጣሳ ቀለላት።

ገልብጣ ጎኑን አነበበች። በትልቁ 700 ተጽፏል። ከሥሩ፣ ዓይን በሚያሳምም ደቃቅ ፊደል፣ የአሥራ ሁለት ቮልቱ መስመር አሥራ ስድስት አምፔር ይላል። ካርዱም፣ የኮምፒውተሩ አንጎል የሆነው ፕሮሰሰሩም የሚመገቡት ከዚያ መስመር ነው። አሥራ ሁለትን በአሥራ ስድስት አባዛች። ሁለት መቶ እንኳ አልሞላም።

«ጋሼ፣ በጣም አመሰግናለሁ» አለች። «ግን ይሄን አልገጥመውም።»

«ምን አልሽ?»

«አልገጥመውም። ሰባት መቶ የሚለው ውሸት ነው። ሁለት መቶም አይሞላም።»

እናቷ ከወጥ ቤት ብቅ አለች። «ኧረ አንቺ ልጅ! ስጦታ እንዲህ ይመለሳል? አጎትሽን አታሳፍሪው።»

«ተያት፣ አሁን አሳያታለሁ» አሉ አጎቷ። ባለሱቁ እንዳሳያቸው አንድ ቁራጭ ሽቦ ከኪሳቸው አውጥተው ከዕቃው መሰኪያ ሁለት ቀዳዳዎችን አገናኙና ገመዱን ሶኬት ላይ ሰኩት። ማራገቢያው ዞረ፤ ሳሎኑ በቀለም ተጥለቀለቀ። «እዪ! ይሠራል፣ አይሠራም?»

«ባዶ ጆንያ ተሸክሞ መሮጥ ማን ያቅተዋል፣ ጋሼ? ኩንታሉን ሲጭኑት ነው የሚታየው።»

ሬዲዮ ሳቋን በመዳፏ አፈነች።

«እሺ፣ እንጫነዋ!» አጎቷ እጃቸውን ወደ ኮምፒውተሩ ሰደዱ። ፊውዝ ቀድማ ተነሥታ መሃል ገባች፤ ኮምፒውተሩን በሁለት እጇ አቀፈችው።

«አይሆንም።» እጆቿ አልላሉም።

«አይሆንም ትለኛለች! እኔን!» አጎቷ ወደ እህታቸው ዞሩ። «ይቺ እኮ ቁርጥ አባቷን ናት። አንድ ቀን ሐብሐብ ልንገዛ ወጥተን፣ እሱ ሲያንኳኳ፣ ሲመዝን፣ ጆሮውን ሲለጥፍ፣ ባለሱቁ ዘግቶብን ሄደ!»

ሳቁ፤ ግን ብቻቸውን ነበር። እናቷ ወደ ወጥ ቤት ተመለሰች። አጎቷ ቀዩን ሳጥን ጠረጴዛው ላይ ትተው፣ «ንዴትሽ ሲበርድ ትገጥሚዋለሽ» ብለው ወጡ። ትንሽ ቆይቶ እናቷም አሮጌውን ኮምፒውተር አጥፍታ ዘንቢሏን ይዛ ወደ ገበያ ሄደች።

«ደፋር ነሽ፤ ግን ፋራ ነሽ» አለች ሬዲዮ በሩ እንደተዘጋ። «ትርኢቱስ? በምን ልንጨርሰው ነው?»

የሬዲዮ ዓይን ወደ መኝታ ቤቱ ሄደ።

«የአባትሽ ኮምፒውተር ውስጥ ያለው ፓወር ሰፕላይ ጥሩ አይደል?»

ፊውዝ ታውቀዋለች። በትልቁ አምስት መቶ ሃምሳ፣ በደቃቁ አርባ አምስት አምፔር። ትልቁና ደቃቁ ጽሑፍ የሚስማሙበት ዕቃ።

«ቀያይሪያቸዋ!» አለች ሬዲዮ። «የጋሼን እዚያ፣ የአባትሽን እዚህ። ያኛው ኮምፒውተር ካርድ የለው፣ ጭነት የለው፤ ቀላሉ ይበቃዋል። መብራቱ እንዳይታይ ሽቦውን እንነቅልለታለን። እናትሽ ማራገቢያው ሲዞር ከሰማች በቃት። ጋሼም ዕቃቸው ሲሠራ ያያሉ። ማን ያውቃል?»

እውነቷን ነው። ማንም አያውቅም። ፊውዝ ካቻቢቴዋን ይዛ ገባች፤ ኮምፒውተሩን ከግድግዳው አዙራ ተንበረከከች። ከጀርባው አራት ብሎኖች ነበሩ። አንዱን ፈታችው።

ከዚያ ነገ ጠዋት ታያት። እናቷ ጨርቋን ይዛ ትቆማለች፤ ታበራዋለች፤ ታዳምጣለች። የምትሰማው ግን ከባዶ ጣሳ የሚወጣ ድምፅ ነው። ባዶ ሳጥን ላይ ሰባት መቶ ብሎ የለጠፈው ሰው ያደረገው ከዚህ በምን ይለያል?

ብሎኑን መልሳ አጠበቀችው።

«ምን ሆንሽ?»

«እንዲህ አድርጌ አልወስደውም።»

«ፋራ!»

«እሺ፣ ፋራ ነኝ። አሁን ወደ ቤትሽ ሂጂ።»

እናቷ ስትመለስ ፊውዝ ካቻቢቴውን እንደያዘች መኝታ ቤቱ በር ላይ ቆማ ነበር። አልደበቀችውም።

«እማ፣ የአባዬን ፓወር ሰፕላይ ስጪኝ።»

እናቷ ዘንቢሉን መሬት አስቀመጠች። «የአጎትሽ አለልሽ።»

«የሳቸውን አልገጥምም። ዛሬም፣ ነገም። አንቺም እምቢ ካልሽ ኮምፒውተሩ እንደተከፈተ ይቀመጣል፤ ትርኢቱም ይቀራል።»

«እያስፈራራሽኝ ነው?»

«አይደለም። ሳታውቂ ልቀያይራቸው ነበር። አንዱን ብሎን ፈትቼ መለስኩት።»

«የትኛውን?»

«ከላይ፣ በቀኝ በኩል ያለውን።»

እናቷ አልፋት ገባች። ጎንበስ ብላ ብሎኑን በጣቷ ጫፍ ነካችው።

«እሱ የገጠመውን...» ብላ ተወችው።

«እኔ ነኝ የገጠምኩት፣ እማ» አለች ፊውዝ። «ያኔም። አራቱንም ያጠበቅኩት እኔ ነኝ። አባዬ ባትሪ ያበራልኝ ነበር።»

እናቷ ዞራ አየቻት። ይህን አታውቅም ነበር። ከአልጋው ራስጌ መሳቢያውን ከፍታ የእጅ ባትሪውን አወጣች፤ ሁለት ጊዜ መታ መታ ስታደርገው በራ።

«እንግዲያው አንቺው ፍቺው» አለች።

አራቱም ብሎኖች ወጡ። ፊውዝ ገመዶቹን አንድ በአንድ ነቅላ ሳጥኑን ስባ አወጣችውና፣ የእጇን አቧራ ለማራገፍ ብላ ለእናቷ አቀበለቻት። እናቷ ባትሪውን አልጋው ላይ ጣል አድርጋ በሁለት መዳፏ ተቀበለች።

«ይከብዳል» አለች።

«አዎ።»

እናቷ ሳጥኑን ቶሎ አልመለሰችላትም። ፊውዝም አላጣደፈቻትም።

«ቀዩን ሳጥን ለጋሼ እኔው እመልስላቸዋለሁ» አለች በኋላ። «ፊት ለፊት ቆሜ።»

«በአክብሮት።»

«በአክብሮት። ግን እመልሳለሁ።»

በማግስቱ ጠዋት ፊውዝ አልጋዋ ላይ ሆና አዳመጠች። የእናቷ ነጠላ ጫማ በኮሪደሩ አለፈ። ቧንቧው ተከፈተ፤ ማንቆርቆሪያው ተጣደ። ሳሎን ውስጥ የራሷ ኮምፒውተር ከትናንት ጀምሮ ሥዕሎቹን እያቀናበረ ነው። ሦስት ማራገቢያዎች ባንድ ላይ ይዞራሉ፤ የአባቷን ከመሃላቸው ለመለየት ሞከረች፣ አልቻለችም።

ተነሥታ በመኝታ ቤቱ በር በኩል አለፈች። እናቷ አሮጌውን ኮምፒውተር እየወለወለች ነበር። ፓወር ሰፕላዩ የወጣበትን አራት ማዕዘን ቀዳዳ ዙሪያውን ጠረገችው። ጨርቁን አጠፈች። ጣቷ ወደ ማብሪያው ሄደና ሳይነካው ተመለሰ።

ያ የማራገቢያ ድምፅ ከዚያ ክፍል የለም፤ አሁን ሳሎን ውስጥ ነው።