እራት ለሁለት ሰው

«ብረት የሚገኝባቸው ሦስት ምግቦች?» አለች ልዩ፣ ባንኮኒው ላይ ተቀምጣ እግሯን እያወዛወዘች።

«ምስር፣ ጎመን፣ ቀይ ሥጋ» አለች ጁወይሪያ ከምድጃው ሳትዞር። ሽንኩርቱ ቀልቶ ድስቱ መንጫጫት ጀምሯል።

«ሰውነታችን ብረቱን እንዲቀበለው የሚያግዘው ቫይታሚንስ?»

«ሲ። ጎመኑ ላይ ሎሚ የምጨምቀው ለምን መሰለሽ?»

«ኦኬ፣ ኦኬ! አንቺ አልፈሻል። አሁን እኔን ጠይቂኝ።»

ሁለቱም በአሜሪካዋ ካሮልተን ከተማ ውስጥ አሥረኛ ክፍል ናቸው። ነገ ሰኞ የምግብና ሥነ ምግብ ትምህርት የዓመቱ ማጠቃለያ ፈተና አለ። ግማሹ በጽሑፍ ነው። ግማሹን ግን አስተማሪያቸው ሚስስ ሀርዲን ለየት አድርጋዋለች። እያንዳንዱ ተማሪ ለቤተሰቡ የተመጣጠነ እራት ያበስላል፤ አብሯቸው ቁጭ ብሎ ይበላል፤ ከዚያ ሰኞ ዕለት ምን እንዳበሰለና ማን ምን እንዳለ በቃሉ ይነግራታል። ይህን ስትናገር ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ከዚህ የቀለለ ፈተና አይተው አያውቁም።

ጁወይሪያ አልሳቀችም። ከእናቷ ጋር አንድ ገበታ ላይ የተቀመጠችው መቼ እንደነበር ለማስታወስ እየሞከረች ነበር። ያለፈው ዒድ ሳይሆን አይቀርም።

እናቷ ኡምሰልማ የምትሠራው ዲኤፍደብሊው አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ፣ ለመንገደኞች ምግብ በሚያዘጋጅ ትልቅ ኩሽና ውስጥ ነው። ከሰዓት ገብታ ሌሊት ትወጣለች። ጁወይሪያ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እናቷ ሄዳለች፤ እናቷ ስትመለስ ጁወይሪያ ተኝታለች፤ ጠዋት ደግሞ የእናቷ በር ዝግ ነው። ቅዳሜና እሁድ ጠዋት ፕሌኖ ሄዳ አንዲት አሮጊት አሜሪካዊት ታስታምማለች፤ ከዚያ በቀጥታ ወደ ሥራዋ ታልፋለች። አባቷ የጭነት መኪና ስለሚነዳ አንዴ አሪዞና ነው፣ አንዴ ጆርጂያ።

ጁወይሪያ እናቷን የምታገኛት በምልክት ነበር። ምድጃው ላይ ለብ ያለ ድስት፣ የታጠፈ መስገጃ፣ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ያልደረቀ ፎጣ። አንዳንድ ቀን ፎጣውን አንስታ ፊቷ ላይ ታደርገዋለች። ናፍቆት እንደሆነ ታውቃለች። ለማንም ግን አልተናገረችም። ከግድግዳው ወዲያ የምትተኛን ሰው «ናፈቀችኝ» ብሎ ማውራት እንዴት ይቻላል?

ፈተናውን በስልክ ስትነግራት እናቷ «እሁድን ከጽጌ ጋር እቀያየራለሁ» አለቻት። ጽጌ የሥራ ባልደረባዋ ናት። «እሁድ ማታ ያንቺ ነኝ፣ የኔ እናት።»

ከዚያ በኋላ ጁወይሪያ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻለችም። እናቷ በቅርቡ ሐኪም ዘንድ ሄዳ ደም ማነስ አለብሽ ተብላለች። ስለዚህ ምስሩን መረጠች። ከሩዝ ጋር፣ ጎመን በካሮት፣ በመጨረሻም እርጎና የተላጠ ብርቱካን። ሁለት ሳህን ፊት ለፊት አስቀመጠች። ከዚያ ፊት ለፊቱ ራቀባትና አንዱን ሳህን ወደ ጎን ሳበችው።

ምስሩ በስሎ ከምድጃው ወርዶ ልዩ ጫማዋን ስታደርግ ስልኩ ጮኸ።

«ጁወይሪያዬ» አለች እናቷ። ከጀርባዋ የመኪና ድምፅ ይሰማል። «አፉ በይኝ። በትናንቱ ዝናብ ያልተነሡት አውሮፕላኖች ሁሉ ዛሬ ናቸው የሚነሡት። ሁላችንንም ጠርተውናል። ጽጌም ገብታለች።»

ጁወይሪያ ሳህኖቹን አየቻቸው። «ኦኬ ነው፣ እማዬ።»

«ፈተናሽስ?»

«ችግር የለም። አታስቢ።»

ስልኩን ስትዘጋ ልዩ አንድ እግሯን ብቻ ተጫምታ ቆማለች። ሁሉንም ሰምታለች።

«ስሚኝ፣ ፌክ አድርጊዋ» አለች። «የኔ አባት እኮ ኳስ እያየ ሶፋ ላይ ነው የበላው። ቀና ብሎ እንኳን አላየኝም። እኔ ግን ሁለቴ አስጨመረ ልላት ነው። ሚስስ ሀርዲን ቤታችሁ መጥታ አታይ! ማለቴ፣ ምግቡን ሠርተሻል። ውሸቱ ትንሽ ነው።»

እውነቷን ነው፤ ትንሽ ነው። ጁወይሪያ ልትናገረው የምትችለውን ሁሉ ታውቀዋለች። እናቷ ምስሩን ቀምሳ ምን እንደምትል፣ እንዴት እንደምትስቅ፣ ሳምንቱን ሙሉ በጭንቅላቷ ስትሠራው ከርማለች።

«ሲሪየስሊ፣ ለማርክ ብለሽ አትጨነቂ» አለች ልዩ ወጥታ ስትሄድ።

ለማርክ አልነበረም። ጁወይሪያ ምግቡን ክዳን ባላቸው ዕቃዎች ውስጥ ጨመረች፤ ከሳህኖቹና ከማንኪያዎቹ ጋር በፎጣ ጠቅልላ ደረጃውን ወረደች።

ከእነሱ በታች ባለው ፎቅ የሚኖሩት ጋሼ ሲራጁዲን የኮምቦልቻ ሰው ናቸው፤ ታክሲ ይነዳሉ። እሁድ እሁድ አመሻሽ ላይ ተሳፋሪ ለመጠበቅ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ይሄዳሉ። የመኪናቸውን መስታወት እየወለወሉ አገኘቻቸው።

«ጋሼ፣ እማዬ ሥራ ቦታ ያደርሱኛል?»

«ምነው፣ ደህና?»

«ደህና ነን። እራት ልወስድላት ነው።»

ሽማግሌው ጥቅሉን አዩት፤ ፊቷንም አዩት። «ወደ ውስጥ አያስገቡንም እኮ።»

«ውጪ እጠብቃታለሁ። የእራት እረፍት አላት።»

«አብሽሪ፣ ግቢ» አሉና በሩን ከፈቱላት። «ወጡን ብቻ እንዳታፈሽብኝ። የማሳፍረው ፈረንጅ ሁሉ እስከ ነገ ያስነጥሰዋል።»

ኩሽናው መስኮት የሌለው ሰፊ ሕንፃ ነው። ጋሼ ሲራጁዲን ከአጥሩ ውጪ አቆሙ። ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም፤ አውሮፕላኖች አንዱ በአንዱ ኋላ በጣም ዝቅ ብለው ይመጣሉ። ጁወይሪያ ደወለች፤ እናቷ አላነሣችም። ጽሑፍ ላከችላት። ጠበቀች። በመጨረሻ በሩ ተከፍቶ ሠራተኞች መውጣት ጀመሩ፤ አንዷ ከመሃላቸው ተነጥላ እየሮጠች መጣች። ነጭ የሥራ ጋውን ለብሳለች። ከሻሿ በላይ የፀጉር መሸፈኛ መረብ አድርጋለች።

«ምን ሆንሽ? አባትሽ ነው? ተናገሪ!»

«ምንም አልሆንኩም። እራት ነው፣ እማዬ።»

እናቷ ደረቷን ይዛ ቆመች። ከዚያ ሳቀች፤ ስትስቅ ዐይኖቿ ቀሉ። «አንቺ ልጅ፣ ልትገድይኝ ነው?»

ጋሼ ሲራጁዲን «እግሬን ላፍታታ» ብለው ወረዱ። እናትና ልጅ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ጁወይሪያ ክዳኖቹን ከፈተች። የምስሩ ሽታ መኪናውን ሞላው።

«ይሄን ሁሉ አንቺ ብቻሽን?» አለች እናቷ። ጎንበስ ብላ አሸተተችው። «ቀኑን ሙሉ የሰው እራት ስከድን እውላለሁ፤ ለእኔ የሚከፍትልኝ ሰው ይገኛል ብዬ አላሰብኩም።»

ጁወይሪያ ሩዙንና ምስሩን ጨልፋ ሳህኑን የእናቷ ጭን ላይ አስቀመጠች። እናቷ «ቢስሚላህ» ብላ ማንኪያውን ሞላች። ጁወይሪያ ብርቱካኑን ከቦርሳዋ ለማውጣት ዞረች። የፕላስቲኩ ቋጠሮ አስቸገራት።

ፈትታው ስትመለስ እናቷ ተኝታለች። ጭንቅላቷ ወደ ኋላ ተደግፏል፤ አፏ ትንሽ ተከፍቷል፤ ማንኪያው እንደሞላ እጇ ላይ ነው።

«እማዬ» አለች ጁወይሪያ ቀስ ብላ።

አልሰማቻትም።

እጇን ወደ ትከሻዋ ዘረጋች። አንድ ጊዜ ብትነካት ትነቃለች። የምትነግራት ነገር ተከማችቶ ነበር። ከቮሊቦል ቡድን ተቀንሳለች። ጫማዋ ጠቧታል። የኬሚስትሪ አስተማሪዋ በዓመቱ መጨረሻ ስሟን አስተካክሎ መጥራት ቻለ፤ ክፍሉ አጨበጨበለት። እነዚህ በስልክ የሚወሩ ነገሮች አይደሉም። ከሁሉ በላይ ደግሞ እናቷ ስትበላ ማየት ፈልጋ ነበር። እየበላች ቀና ስትልና ስታያት።

የእናቷ ጭንቅላት ቀስ እያለ ተንሸራቶ የጁወይሪያ ትከሻ ላይ አረፈ። የእናቷ ጋውን የእንፋሎትና የፕላስቲክ ሽታ አለው። ከሻሿ ሥር በግንባሯ በኩል ሽበት ብቅ ብሏል። ጁወይሪያ አይታው አታውቅም ነበር። መቼ መጣ?

የዘረጋችውን እጅ መለሰችው። ማንኪያውን በጥንቃቄ ከእናቷ ጣቶች አውጥታ ሳህኑን አነሣች። ከዚያ ትከሻዋ ሲደነዝዝ እንኳን አልተንቀሳቀሰችም። ጋሼ ሲራጁዲን በመስታወቱ በኩል አዩና ፊታቸውን ወደ አጥሩ መለሱ።

ሠራተኞቹ ወደ በሩ መመለስ ሲጀምሩ የእናቷን ጉንጭ ነካች።

«በላን?» አለች እናቷ ብርግግ ብላ። ከዚያ ሳህኑን አየችው። «ያ ረቢ! ለምን አልቀሰቀስሽኝም? ፈተናሽ እኮ ነው!»

«ደክሞሽ ነበር። ሂጂ፣ ይረፍድብሻል።»

ከውጪ ምግብ ይዞ መግባት ክልክል ነው። እናቷ ሁለት ፍልቃቂ ብርቱካን አፏ ውስጥ ከትታ፣ ጁወይሪያን ግንባሯ ላይ ስማ ሮጠች። በሩ ጋ ስትደርስ ዞር አለች፤ ግን ከኋላዋ የሚገቡት ሰዎች ጋረዷት።

ሰኞ ዕለት የጽሑፉ ክፍል ከባድ አልነበረም። ከዚያ ሚስስ ሀርዲን ተማሪዎቹን አንድ በአንድ ጠረጴዛዋ ዘንድ ጠራች። ልዩ እየሳቀች ተመለሰች፤ አውራ ጣቷን አሳየቻት። ቀጥሎ ጁወይሪያ ነበረች። የመረጠችውን ምግብ ነገረቻት፤ ስለ ብረቱና ስለ ሎሚው አስረዳች። አስተማሪዋ ራሷን እየነቀነቀች ሰማቻት።

«በጣም ጥሩ። ቤተሰቦችሽስ ምን አሉ?»

መልሱ አፏ ላይ ነበር። ሁለቴ አስጨመረች።

«አልበላንም» አለች ጁወይሪያ። «እናቴ ሥራ ተጠራች፤ ምግቡን እዚያ ወሰድኩላት። ስንቀመጥ እንቅልፍ ወሰዳት። ልቀሰቅሳት አልፈለግኩም።»

ሚስስ ሀርዲን እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እስከ ዓርብ እንደገና መሞከር ትችያለሽ።»

«እስከ ዓርብ እረፍት የላትም።»

«እንግዲያው አብሮ ለመብላት የተመደበውን ነጥብ ልሰጥሽ አልችልም፣ የኔ ቆንጆ።»

«ገብቶኛል» አለች ጁወይሪያ።

የፈተና ሳምንት ስለሆነ ተማሪዎች ቀትር ላይ ተለቀቁ። የልዩ ወንድም ዮኒ መኪናውን በር ላይ አቁሞ ይጠብቃቸዋል። ሞል ሊሄዱ ነው፤ ጁወይሪያም ለመሄድ ተስማምታ ነበር።

«ግቢ እንጂ፣ ሙቀቱ ገደለን» አለች ልዩ። «ምን አልሻት?»

«የሆነውን።»

«ኖ! ለምን?»

ጁወይሪያ ትከሻዋን ሰበቀች። ገና ቀትር ነው፤ እናቷ ወደ ሥራ የምትሄደው ከዚህ በኋላ ነው። ይህ ሐሳብ ድንገት ነው የመጣላት።

«እኔ ዛሬ ይቅርብኝ» አለች። «እናቴ ቤት ናት።»

«ሁልጊዜስ አብራችሁ አይደል እንዴ የምትኖሩት?» አለች ልዩ ግራ ገብቷት።

ጁወይሪያ በእጇ ተሰናብታት፣ የትምህርት ቤቱን አውቶቡስ ሳትጠብቅ በእግሯ መንገድ ጀመረች። ፀሐዩ አናት ይበሳል። መጀመሪያ ተራመደች፤ ከዚያ ፈጠን አለች፤ መጨረሻ ላይ ቦርሳዋ ጀርባዋን እየደበደበ ሮጠች። የአፓርታማው ማቆሚያ ጋ ስትደርስ የእናቷ አሮጌ መኪና ከቦታዋ አልተንቀሳቀሰችም።

ደረጃውን ወጥታ በሩ ፊት ቆመች። ከውስጥ የውሃ ድምፅ ይሰማል፤ አንድ ሰው ባዶ እግሩን ወለሉ ላይ ይመላለሳል። ቁልፏን አውጥታ ነበር። መልሳ ኪሷ ከተተችውና እናቷ እንድትከፍትላት በሩን አንኳኳች።