የሻምበል ክንዱ ሽቦ

አታምኑኝም። ሌላ ሰው ቢነግረኝ እኔም አላምን። ግን በእጄ የነካሁት ነገር ነው...

ግንቦት 1976 ዓ.ም.። ከቀኑ ስድስት ሰዓት። ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ያለች የሣር አውሮፕላን ማረፊያ።

ጨለማ የለም። ጅብ የለም። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች።

ያኔ ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው። የአውሮፕላን ራዲዮና ሽቦ ባለሙያ ነኝ፤ የምስክር ወረቀቴ ሦስት ማኅተም አለው። ከአዲስ አበባ የተላክሁት የተምች መድኃኒት የምትረጭ ትንሽ አውሮፕላን መርምሬ እንድፈርም ነው። እኔ ካልፈረምሁ አትነሣም።

የአውሮፕላኗ አብራሪ ሻምበል ክንዱ እኩያዬ ስለሆነ ወዲያው አንተ ተባባልን። በዚያ ዘመን አውሮፕላን የሰፊው ሕዝብ ንብረት ነው። እሱ ግን "የኔዋ" ነው የሚላት።

"ራዲዮዋን ራሴ ጠግኛታለሁ" አለኝ።

"በማን ፈቃድ?"

"ሦስት ወር ሙሉ ደብዳቤ ጻፍሁላችሁ። ሚስትህ ብትታመም ማኅተም ትጠብቃለህ?"

"ሐኪም እጠብቃለሁ።"

"እንግዲያው ትቀብራታለህ!" ብሎ ሳቀ።

ክዳኑን ፈታሁ። የሽቦው መጋጠሚያ በቁስል ፕላስተር ተጠቅልሏል። ልስቅ ስል...

ፕላስተሩ ርጥብ ነው።

ዝናብ ከጣለ ሰንብቷል። በጣቴ ነካሁት። ዓሣ ዓሣ ይሸታል።

"ሽቦውን ከየት አመጣኸው?"

"ከኑርሑሴን ሱቅ።"

"ኑርሑሴንስ?"

ዞር ዞር ብሎ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"የዘጌ ዓሣ አጥማጆች በመረብ ያወጡት ነው። የዚያችኛዋ ይመስለኛል..."

ያችኛዋ ከሦስት ዓመት በፊት ጣና የዋጣት አውሮፕላን ናት። አብራሪው አልተገኘም።

ክንዱ ምሳ ሊበላ ሄደ። እኔ እንደ ልማዴ መጀመሪያ ባትሪውን አውጥቼ ሣሩ ላይ አስቀመጥሁ።

ሽሽሽ... አለ ራዲዮው።

ባትሪውን አየሁት። ሣሩ ላይ ነው።

"ባሕር ዳር... ባሕር ዳር..."

አፉን ውኃ የሞላው ሰው ድምፅ።

"ማን ፈረመ?"

ጉጠቴን አንሥቼ ሽቦውን ሁለት ቦታ ላይ ቆረጥሁት። አንድ ስንዝር ያህል እጄ ላይ ቀረ።

"ማን... ፈረመ?"

እንዴት እንደወረድሁ አላውቅም። ከዘበኛው ከጋሼ አለበል ጋር ተላተምሁ።

"ጋሼ፣ ሰምተዋል?"

ሽማግሌው ዓይናቸውን ከመሬት አላነሡም።

"ቀትር በደረሰ ቁጥር ነው" አሉ በሹክሹክታ። "ለሻምበል ብነግረው፣ 'ጥገናዬ ያዘ ማለት ነዋ!' አለኝ።"

ሽቦውን በሙሉ አውጥቶ መቀየር የሁለት ቀን ሥራ ነው። ይህን ልናገር ስል የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ መኪና ደረሰ።

"ጓድ፣ ተምቹ ጎርጎራ ገብቷል! በስምንት ሰዓት ትነሣለች። ፊርማ!"

ቦርሳዬ ውስጥ "አትበርም" የሚል ቀይ ካርድ ነበረኝ። "ምክንያት" የሚል መስመር አለው።

"ያልተፈቀደ ጥገና" ብዬ ብጽፍ ክንዱ በአሻጥር ይታሰራል። በአሻጥር የታሰረ ሰው ሲመለስ አላየሁም። "የሞተ ሰው ተናገረ" ብዬ ብጽፍ ደግሞ ታሳሪው እኔ ነኝ።

ካርዱን መለስሁት።

የቆረጥሁትን ሽቦ ሁለት ጫፍ ስቤ ገጣጠምሁ። ቴፕ አላመጣሁም። ያንኑ ርጥብ ፕላስተር ጠቀለልሁበት፤ ጫፉን እንደ ልማዴ ወደ ውስጥ አጠፍሁት። እኔ፣ ባለ ሦስት ማኅተሙ!

ባትሪውን መለስሁ። ፈረምሁ።

ክንዱ ሊሳፈር ሲል እጅጌውን ያዝሁት።

"ሻምበል... ዛሬ ቅር።"

"ፈርመሃል አይደል?"

"ፈርሜያለሁ።"

"ታዲያ ምን ያስፈራኛል?"

ከሐይቁ በላይ ስትርቅ ቆሜ አየኋት። ትንኝ አከለች። ከዚያ ጠፋች።

ክንዱ በማረፊያው ራዲዮ አንድ ጊዜ ብቻ ጠራን።

"ባሕር ዳር... ባሕር ዳር..."

ሌላ ቃል የለም። ጎርጎራ አልደረሰም። ጀልባዎች ዘጠኝ ቀን ፈለጉ። አንዲት ብሎን እንኳ አልተገኘችም።

በእጄ የቀረችው ስንዝር ሽቦ እስከ ዛሬ መሣሪያ ሣጥኔ ውስጥ አለች። ፀሐይ ላይ አሰጣታለሁ፣ ትደርቃለች። በማግሥቱ ርጥብ ናት።

ባለፈው ሰኞ፣ ስድስት ሰዓት ላይ፣ ሣጥኑን ከፈትሁ።

ሽቦዋ ሁለት ስንዝር ሆናለች።

መሐሏ ላይ ፕላስተር ተጠቅልሏል...

ጫፉ ወደ ውስጥ ታጥፏል።