የቻይናው አባት ያላለው ቃል

አክሊሉን የሰደቡት ጋሽ ወልደገርጊስ ናቸው። ቀኑ በ1985 የዳግማይ ትንሣኤ እሁድ ነው፤ ቦታው ኦክላንድ፣ ቅዳሴ የሚቀደስበት የኪራይ አዳራሽ ደጃፍ። የተሰደበ ሰው ቀን አይጠፋበትም። ተሳዳቢው ያን ቀን ምን እንደበላ እንኳ አያስታውስም፤ የተሰደበው ግን ማን ከማን አጠገብ ቆሞ እንደነበር፣ ማን ቀድሞ እንደሳቀ፣ ፀሐይዋ በየት በኩል እንደነበረች ሳይቀር ይዞ ይኖራል።

አክሊሉ ያኔ አሥራ አራት ዓመቱ ነበር። ጋሽ ወልደገርጊስን በር ላይ ሲያገኛቸው ደስ ብሎት፣ «ጋሽ ወልደገርጊስ፣ ደህና ነህ?» አላቸው። ክፋት አልነበረበትም። በእንግሊዝኛ «ዩ» ለሕፃኑም ለሽማግሌውም ያው «ዩ» ነው። በልጅነቱ ከአገሩ የወጣ ልጅ ደግሞ አንቱታን አፉ ካልለመደው ከየት ያመጣዋል?

ጋሽ ወልደገርጊስ ወደ ሰዉ ዞሩ። «እናንተዬ ስሙ! እኔ አፌን በትግርኛ የፈታሁት አንቱታ አውቃለሁ፤ የባዩ ልጅ አንተ ይለኛል! እንግሊዝኛው ገና፣ አማርኛው የለ። ይኼ የሁለት ቋንቋ ዲዳ ነው!»

ሰዉ ሳቀ። የሰዉስ ይሁን። አክሊሉን አንጀቱን የቆረጠው የሓዳስ ሳቅ ነው። የጋሽ ወልደገርጊስ ልጅ ሓዳስ፣ እኩያው፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች።

በሳምንቱ ስልክ ደወለች። «ሶሪ፣ ሲጨንቀኝ እስቃለሁ እኮ» አለችው። ይቅር አላት። ወይም ይቅር ያላት መሰለው። ከዚያ ወዲህ አባቶቻቸው ሥራ በሚውሉበት ቅዳሜ ቅዳሜ ይደዋወሉ ጀመር፤ ወሬያቸው ከትምህርት ቤት ወደ ዘፈን፣ ከዘፈን ወደ ዝምታ ሄደ። ዝም ብለው መስመር ላይ የሚቆዩባት ዝምታ ከወሬው ትበልጥባቸው ነበር።

ቅዳሜን መጠበቅ የግድ ነበር። ጋሽ ወልደገርጊስና የአክሊሉ አባት ባዩ ሰላም አይባባሉም። ድሮ ከሱዳን አብረው መጥተው ኦክላንድ ውስጥ ባንድ አፓርትመንት የኖሩ፣ ባንድ ሳህን የበሉ ሰዎች ናቸው። ያጣላቸው የአክሊሉ ታናሽ ወንድም ክርስትና ነው። ሕፃኑን ክርስትና የሚያነሱት ጋሽ ወልደገርጊስ ነበሩ፤ ያን ጊዜ ወደ ሳን ሆዜ ተዛውረው ነበርና መንገድ ተዘጋግቶባቸው ዘገዩ። ሲደርሱ ልጁን ሌላ ሰው ታቅፎታል፤ ነገሩ አልቋል። «ትንሽ ብጠበቅ ምን ነበረበት?» አሉ ጋሽ ወልደገርጊስ። «ቄሱን አስሬ ላቆይልህ ኖሯል?» አለ ባዩ። በቃ። በሁለት አረፍተ ነገር የወንድማማች ያህል ፍቅር ፈረሰ።

ከስድቡ በዓመቱ የሸመገሉት የሁለቱም ቤት ወዳጅ እትዬ የወርቅውሃ ናቸው፤ ሽምግልናቸውም እንደ ሰው ሽምግልና አይደለም። ኩፐርቲኖ ውስጥ የኮምፒውተር ዕቃ በሚገጣጠምበት ፋብሪካ ይሠራሉ። አብራቸው የምትሠራ ቻይናዊት የአገሯን ፊልም አዋሰቻቸው፤ የሁለት ጠበኛ ቤተሰብ ልጆች የሚዋደዱበት ፊልም ነው። «ድንጋይ ያስለቅሳል» ብላቸው ነበር። እትዬ የወርቅውሃ ድንጋዮቻቸውን አሰቡ። ለአንዱ ሌላው እንደሚመጣ ሳይነግሩ ሁለቱንም ከነልጆቻቸው እሁድ ከሰዓት ሳን ሆዜ ቤታቸው ጠሩ።

አባቶቹ ሶፋው ዳርና ዳር ተቀመጡ። መካከላቸው የአክሊሉ እናት ሸዋረጋ ሆዷን ይዛ ተቀምጣለች፤ ልትወልድ ተቃርባለች። ሓዳስ ምንጣፉ ላይ፣ አክሊሉ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ።

ፊልሙ በቻይንኛ ነው፤ እንግሊዝኛው ከሥር ይሮጣል። አዋቂዎቹ አንዱን ቃል ሳይጨርሱ ሌላው ይመጣል።

«ማን ያንብብልን?» አሉ እትዬ የወርቅውሃ። «ሓዳስዬ?»

«እኔ አማርኛዬ ሼም ነው» አለች ሓዳስ። «አክሊሉ ያንብብ።»

«እንግዲህ ጉድ ልንሰማ ነው» አሉ ጋሽ ወልደገርጊስ ወደ ጣሪያው።

የማያውቁት ነገር ነበር። ከዚያ እሁድ ወዲህ አክሊሉ አንቱታን ሲለማመድ ነው የከረመው። እናቱን «ይቀመጡ» ሲል፣ ታናሽ ወንድሙን «ይብሉ» ሲል፣ የጎረቤት ድመት በመስኮት ስትገባ «ምነው፣ ይውጡልን እንጂ» ሲል እቤቱ በሳቅ ሞቶ ነበር። እሱ ግን አልሳቀም።

ፊልሙ ተጀመረ። በአንድ ቦይ ግራና ቀኝ ሐር የሚያቀልሙ ሁለት ቤቶች አሉ። ባንድ ዓመት ድርቅ አንዱ ውሃውን ገድቦ የሌላውን ሐር አበላሸ፤ ከዚያ ወዲህ ሰላምታ የለም። የወዲህኛው ቤት ልጅ ወንድ ነው፤ የወዲያኛው ሴት። ቀለም የነካው ውሃ ከሷ በኩል ቀይ ሆኖ ሲመጣ ልጁ እጁን ይነክርበታል።

«አባቴ ሆይ፣ እርስዎ የተጣሉት ከሰው ነው። ውሃው ምን አደረገዎት?» አለ አክሊሉ፣ ልጁን ሆኖ። ልጅቱን ሲሆን ያለሳልሳል፤ አባቶቹን ሲሆን ያጎረንናል። ጋሽ ወልደገርጊስ ከጣሪያው ወረዱና አፉን አፉን ያዩት ጀመር።

ፊልሙ ሁለት ካሴት ነው። አንደኛው አልቆ ሁለተኛው እስኪገባ አክሊሉ ውሃ ሊጠጣ ወደ ማድቤት ሲሄድ የእትዬ የወርቅውሃን ሹክሹክታ ሰማ።

«የወልደገርጊስ ልቡ ራርቷል፤ አየሽው? ዛሬ ይታረቃሉ። የሚወለደው ወንድ ከሆነ እሱ፣ ሴት ከሆነች ሚስቱ ክርስትና ያንሱ። አበልጅ ከሆኑ ወዲያ ሰይጣንም አይለያያቸው።»

«ልጆቹስ?» አለች እናቱ። «ስልኩን የማላውቅ መስሏቸዋል።»

«እሰየው! እህትና ወንድም ይሆናሉ። አበልጅ ከአበልጅ አይጋባ። ያም ነገር በዚያው ይቆረጣል።»

አክሊሉ ውሃውን ሳይጠጣ ተመለሰ። ፊልሙ ላይ ያሉት ልጆች አባቶቻቸው ቢታረቁ ይገናኙ ነበር። እሱና ሓዳስ አባቶቻቸው ከታረቁ ይለያያሉ። ሓዳስ ከምንጣፉ ላይ ቀና ብላ ፈገግ አለችለት፤ ምንም አልሰማችም።

ሁለተኛው ካሴት መጨረሻ ላይ ልጅቱን በጀልባ ለሌላ ሊድሯት ሲወስዷት ልጁ እየዋኘ ተከተላት። እሷም ዘለለች። ሁለቱንም ውሃው ወሰዳቸው። ሸዋረጋ ተንሰቀሰቀች። ባዩ ጉሮሮውን ጠረገ። ሁለቱ የቻይና አባቶች ቦዩ ዳር ትከሻ ለትከሻ ቆሙ፤ የልጅቱ አባት ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ። ጋሽ ወልደገርጊስ መሐረባቸውን ጨብጠው፣ አንድ እጃቸውን የሶፋው ክንድ ላይ አድርገው ሊነሱ አጎንብሰዋል። ዓይናቸው ቴሌቪዥኑ ላይ አይደለም። ባዩ ላይ ነው።

ከሥር ያለው ጽሑፍ አጭር ነበር፦ መጀመሪያ መናገር የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

አክሊሉ አነበበው። ያን ጊዜ አእምሮው ውስጥ የመጣው አበልጅነቱ አልነበረም። እሱ ቢሆን ደግ ነበር። የመጣው የአዳራሹ ደጃፍ፣ ፀሐይዋ፣ ነጠላው ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

«ምንም የምልህ የለኝም» አለ፣ በጎርናና ድምፅ።

የቻይናው አባት ፊቱን ወደ ውሃው አዞረ፤ ፊልሙ አለቀ።

ጋሽ ወልደገርጊስ ቀስ ብለው ተመልሰው ተደገፉ። «ልክ ነው» አሉ። «ልጁ የሞተበት ሰው ምን ይላል።» መሐረባቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ተነሱ።

«ኧረ ወዴት? ምግብ ቀርቧል!» አሉ እትዬ የወርቅውሃ።

«ሺፍት አለብኝ። አመሰግናለሁ።»

ባዩም ተቀምጦ ቀረ። እጁን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ነበር፤ ሰብሰብ አደረገው። ለሰላምታ የተሰናዳ እጅ እንደነበር አክሊሉ ያወቀው ሲሰበሰብ ነው።

አየር ፍለጋ ወደ መኪና ማቆሚያው ወረደ። ሓዳስ ተከትላው መጣች።

«እንደዛ አይልም!» አለችው። «እኔም ሪድ አደርጋለሁ እኮ። አይ ሹድ ሃቭ ስፖከን ፈርስት ነው የሚለው። ለምን?»

አክሊሉ ወደ ቆሙት መኪኖች አየ።

«አባቴ ሊነሳ ነበር። አይቼዋለሁ። አክሊሉ፣ ለምን እንደዛ አልክ?»

መልስ ነበረው፤ ያውም ቆንጆ መልስ። «እህቴ እንዳትሆኚብኝ ብዬ ነው» ቢላት፣ የማድቤቱን ወሬ ቢነግራት፣ ታለቅስ ነበር፤ ምናልባትም ታቅፈው ነበር። ፊልም ላይ ቢሆን እንደዚያ ነው የሚባለው። ግን እንደዚያ አልነበረም። ያን ቃል ሲወረውር አንድ ጊዜም ስለሷ አላሰበም። ያሰበው ስለ ራሱ ነው።

ጋሽ ወልደገርጊስ ቁልፋቸውን እያንቀጫቀጩ ደረሱ። ሓዳስን ሲያዩ አልተቆጡም። አክሊሉ ፊት ቆሙ።

«ስማኝማ» አሉ። «አምና ሰው ፊት ተናግሬሃለሁ። አንተ ሳትረሳው አትቀርም። ዛሬ ልጄ ፊት አንስቼዋለሁ። እንዲህ ያለ አንደበት አልሰማሁም፤ ያሳደገህ ይባረክ።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እውነቱን ልንገርህ፣ አባትህን ልስመው ተነስቼ ነበር። ያ ሰውዬ የሚለው ካጣ፣ እኔ ምን እለዋለሁ ብዬ ተውኩት።»

እጃቸውን ዘረጉ።

«ንገረው» አለች ሓዳስ፣ ከንፈሯ ብቻ እየተንቀሳቀሰ።

አክሊሉ እጁን አየው። ሰፊ ነው፤ የመኪና መሪ ያጠነከረው መዳፍ። ዓመቱን ሙሉ የጠበቀው ይኼን እጅ ነበር፤ አልጋው ላይ ተጋድሞ ስንቴ እንዴት እንደሚጨብጠው አስቧል። አሁን ቢጨብጠው ምስጋናውን ከነውሸቱ መቀበል ይሆናል። ባይጨብጠው በሚመጣው እሁድ ኦክላንድ ሙሉ ይሰማል፤ የባዩ ልጅ ትልቅ ሰው እጅ ዘርግቶለት ናቀ ይባላል።

ይባል።

እጁን ኪሱ ከተተ። ከሁለቱም ፊት ዞረና በቆሙት መኪኖች መሃል ወደ መንገዱ ሄደ።

«አንተ ልጅ! ምን አልኩህ?» የጋሽ ወልደገርጊስ ድምፅ ከኋላው መጣ፤ ቁጣ ሳይሆን ግራ መጋባት ነበረበት። «አክሊሉ!»

አክሊሉ መንገዱን ተሻገረ።