ያልበራው ሰሌዳ

ተመራማሪው ገድሉ በላቦራቶሪው ወለል ላይ በጀርባው ተንጋሎ ተገኘ። ቀኝ መዳፉ ጠቁሯል፤ ኤሌክትሪክ ነው የገደለው። ኢንስፔክተር አሪፋ ዩኒቨርሲቲው ፔዳ ግቢ ስትደርስ ሦስቱ የሥራ ባልደረቦቹ በሩ ላይ ቆመው ነበር፤ አማካሪው ዶክተር መርስዔ ኀዘን፣ የዶክትሬት ተማሪዋ መቅደላዊትና ቴክኒሺያኑ ኢስሀቅ።

«እዚህ የምትሠሩት ምንድን ነው?» አለች አሪፋ።

«ከካርቦን ናኖቲዩብ፣ ማለትም ከደቃቅ የካርቦን ቱቦዎች የተፈተለ ክር አለ» አሉ ዶክተሩ። «ከጸጉር የቀጠነ ነው። አየሩ ተመጥጦ በወጣለት፣ ክዳን ባለው የመስታወት ዕቃ ውስጥ ከፍተኛ ቮልቴጅ ስንለቅበት ከጫፉ ኤሌክትሮን ይወጣል። ኤሌክትሮኑ ፊት ለፊቱ ያለውን ሰሌዳ ሲመታ ሰሌዳው አረንጓዴ ይበራል።»

«አየር ካለስ?»

«አይበራም። ክሩም ይቃጠላል።»

«እርስዎ የት ነበሩ?»

«እያስተማርሁ ነበር፤ ተማሪዎቼን ይጠይቁ።»

ኢስሀቅ ዓይኑን ከሬሳው አላነሣም። «በወዲያኛው ክፍል ያለውን ማብሪያ አጥፍቼ ለሶላት ሄድሁ። ስመለስ እንዲህ ሆኖ አገኘሁት።»

«እኔ በመስኮቱ አየሁት» አለች መቅደላዊት። «ሙከራውን ራሱ ጀምሮ ሰሌዳው አረንጓዴ በርቶ ነበር። ከዚያ ቮልቴጁ የሚመጣበትን ገመድ ነካና ወደቀ።»

አሪፋ ጎንበስ ብላ የሟቹን ጋዋን ኪስ ፈተሸች፤ ብሎኖች ወጡ። የመስታወቱን ክዳን በጣቷ ገፋ ብታደርገው ተንሸራተተ።

ሬሳው ከተነሣ በኋላ ሦስቱን አስቀመጠቻቸው።

«ክዳኑን የሚያጠብቁት ብሎኖች ገድሉ ኪስ ውስጥ ነበሩ። ስለዚህ መስታወቱ አየር ነበረበት፤ አየር ካለበት ሰሌዳው አይበራም። ገድሉ ሙከራ ላይ አልነበረም፤ ክር እየቀየረ ነበር። እጁ ከገመዱ ላይ ሳለ ከወዲያ ማብሪያውን ያበራ ሰው አለ። በኋላም ሙከራ እንዲመስል ክዳኑን መለሰው። መቅደላዊት፣ ያልበራውን ብርሃን ለምን አየሁ አልሽ?»

መቅደላዊት አንገቷን ደፋች።

«ገድሉ ‹የለካሽው ኤሌክትሪክ ከክሩ የወጣ አይደለም፤ በገመዱ ሽፋን ያፈተለከ ነው› አለኝ። ‹ለዶክተር ልነግራቸው ነው› አለ፤ የመመረቂያ ጥናቴ ውድቅ ሊሆን ነበር። ይፋግ ያሉት ቤተሰቦቼ ለምርቃቴ ልብስ አሰፍተዋል።»

«ጧት አዲስ ክር ቁረጥልኝ ብሎኝ ነበር» አለ ኢስሀቅ ቀስ ብሎ። «‹ምናልባት የተሳሳትሁት እኔ እሆናለሁ፤ ለዶክተር ሳልናገር ሙከራዋን አንዴ ልድገምላት› አለኝ።»

መቅደላዊት ቀና አለች። «ክሩስ?»

ዶክተሩ ክዳኑን አንሥተው ተመለከቱ። «ተቃጥሏል። ከፈተልነው የቀረን የመጨረሻው እሱ ነበር። ማን ልክ እንደነበረ ከእንግዲህ አናውቅም።»

አሪፋ ካቴናውን አወጣች። ከቆላ ድባ የተሳፈሩት የገድሉ እናት በመንገድ ላይ ነበሩ፤ የተነገራቸው ልጃቸው እንደታመመ ብቻ ነው።