ስድስት ስም ያላት

መስታወት ባሏን ቀብራ ስትመለስ አንድ ባል አጥታ ስድስት ስም ይዛ ገባች።

ቤተ ክርስቲያን «መበለት» አላት። ቀበሌው «ባል የሞተባት» ብሎ ጻፋት። ገበያተኛው ሳትፈታ «ፈት» ይላታል። ጎረቤት «የጌታሰው ሚስት የነበረችው»፣ ቂም ያለበት ደግሞ «ጋለሞታ» ይላታል። ስድስተኛውን ስም ግን ፊቷ ላይ የሚደፍር የለም፤ ዞር ስትል ነው የሚባለው፦ «ገፊ»። የቀረባትን ሁሉ ወደ መቃብር የምትገፋ ማለት ነው። እንግዲህ ገና ሃያ ዓመቷ ነው!

ጌታሰው ባገባት በአምስተኛው ወር ከሰሃላ ሲመለስ ደራሽ ውሃ ወሰደው። ከዚያ ወዲህ ሰማዩ ሲጠቁር የያዘችውን ሥራ ጥላ ቁልቁል መንገዱን ታያለች። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ስድስተኛውን ስም ራሷም ማመኗ ነው።

አሳምነውን ያገኘችው ሰቆጣ፣ መታወቂያ ልታሳድስ ተሰልፋ ነው። ጸሐፊው ከወረቀቱ ቀና እንኳን ሳይል፣

«ያገባች? ያላገባች? የፈታች? ባል የሞተባት?» ብሎ ጮኸ። ሰልፉ በሙሉ ጆሮ ሆነ።

መስታወት ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። ከኋላዋ ነጠላውን መስቀለኛ ያጣፋ አንድ ቀጭን ዲያቆን፣

«ጌታው፣ ቀስ ብለው ይጠይቋት እንጂ። እኛ መታወቂያ ልናወጣ ነው የመጣነው፤ ልንድራት አይደለም» አለ።

ሰዉ ሳቀ። እሷ ዞራ አየችው። እሱም አያት። በማየት ቢያበቃማ ጥሩ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ዲያቆን አሳምነውን ውሃ የሚጠማው በእነመስታወት ደጅ ሲያልፍ ብቻ ሆነ። እናቷ እማማ ሸጌ ውሃ ቀድተው ቀድተው ሲሰለቻቸው፣

«ኧረ ይሄ ልጅ ምን ያህል ጨው ቢበላ ነው!» አሉ።

ጨዋታው ግን እዚህ ላይ ያበቃል። ዲያቆን ቄስ የሚሆነው ድንግል አግብቶ ነው። መበለት ካገባ ክህነቱ ይፈርሳል፤ ሁለተኛ መቅደስ አይገባም። የአሳምነው አባት ቄስ ይስማው ደግሞ ልጃቸውን ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ ያስተማሩት ይተካኛል ብለው ነው።

አንድ ቀን በምንጩ መንገድ ላይ፣

«ተወኝ፣ አሳምነው» አለችው።

«ምን አደረግሁሽ?»

«አንተማ ምንም። እኔ እንዳላደርግህ ነው። ስሜን አልሰማህም?»

«ሰምቻለሁ። ስንት ሰው ገፋሽ? አንድ። እሱንም የገፋው ውሃ ነው።»

«አትሳቅብኝ! አባትህ ቢገዝቱህስ? በግዝት ላይ እኔ ተጨምሬ ዓመት የምትቆይ ይመስልሃል?»

እሷን ሲያይ የነበረው ዓይኑ መሬት ወረደ፤ ያኔ እሱም እንደፈራ አወቀች። ቢሆንም፣

«ዛሬ ለአባቴ እነግረዋለሁ» አለ።

«አትንገር!»

ነገረ።

ሦስት ቀን ድምፁ ጠፋ። በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቆረ። መስታወት በር ላይ ቆማ ቁልቁል ስታይ፣ ቄስ ይስማው ጥቁር ጥላቸውን ዘርግተው፣ መስቀላቸውን ጨብጠው፣ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው ዳገቱን ይወጣሉ። አሳምነው የለም።

«ሞቷል» አላት ልቧ። «ካልሞተም ሊገዝቱኝ ነው።»

ሮጣ ከእህል ጎታው ኋላ ተሸጎጠች። ጥርሷ ይንቀጫቀጫል፤ እንዳይሰማባት ነጠላዋን ነከሰች።

«ይግቡ አባ፣ ይቀመጡ» አሉ እማማ ሸጌ።

«አንቀመጥም።»

እንግዳ ሆኖ ገብቶ አልቀመጥም የሚል ሁለት ዓይነት ሰው ነው፦ ሊገዝት የመጣና ልጅ ሊለምን የመጣ። ስድስት ስም የተሸከመች ሴት ሁለተኛው ትዝ ይላታል?

«ልጂቱ የት ናት?»

«ያችውና፣ ከጎታው ኋላ» አሉ እናቷ፣ ምንም ሳያፍሩ።

«እዚያው ሆና ትስማኝ።» ቄሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሚስቴ ከሞተች አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ሌላ ወንድ ሚስቱ ብትሞት የተዝካሩ ጋን ሳይደርቅ ሌላ ይፈልጉለታል። ቄስ ግን ካገባ ቅስናው ይቀራል። እኔ ቅስናዬን መረጥሁ፤ አልጸጸትም። ግን ማታ ቤቴ ስገባ ‹መጣህ?› የሚለኝ የለም። ላንቺ ስድስት ስም አውጥተውልሻል አሉ። ለእኔ አንድም አላወጡልኝ፤ ማን ልብ ብሎኝ!»

ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ጀመረ።

«ልጄ ሦስት ቀን እህል አልቀመሰም። አንቺን ካገባ መቅደሱን ያጣል። አልቅሻለሁ፣ አልዋሽሽም። ነገር ግን መቅደሱን ይዞ የእኔን ቤት ዝምታ እንዲወርስ አልፈልግም። ሸጌ፣ ልጅሽን ለልጄ ብዬ መጥቻለሁ።»

ከጎታው ኋላ አንዲት ቀጭን ድምፅ፣

«አባ... ቢሞትብኝስ?» አለች።

«ይሞታላ! ሁላችንም እንሞታለን። እሱ የእግዜር ሥራ ነው፤ አንቺ ምን ቤት ነሽና ሥራውን ትቀሚዋለሽ?»

እማማ ሸጌ ሳቅና እንባ እየቀላቀሉ፣ «እንግዲያውማ ይቀመጡ!» አሉ።

ተጋቡ። በመጀመሪያው እሑድ አሳምነው ከምእመኑ ጋር ውጭ ቆመ። ሌላ ዲያቆን «ተንሥኡ» ሲል የእሱም ከንፈር አብሮ ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ ግን አልወጣውም። መስታወት ከሴቶቹ በኩል ሆና አየችው፤ ነገሩ እስከ ዛሬ እንደ እሾህ ይወጋታል።

አሁን አሳምነው ልብስ ሰፊ ነው። የሰፋውን ይዞ ጋዝጊብላ ገበያ ይወርዳል። በሐምሌ ሰማዩ ሲጠቁር መስታወት አጥሩን ይዛ ትቆማለች፤ ከንፈሯ ይደርቃል፣ የማትጠራው ታቦት የለም። ፍርሃቱ መቼ ለቀቃት?

ከዚያ እሱ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ፣ ጫማውን በእጁ አንጠልጥሎ ከማዶ ብቅ ይላል። ገና ከሩቅ፣

«መስታወት! ዛሬም አልሞትሁም!» ይላታል።

«አፍህን ያዝ፣ አንተ ቀላል!»

ነጠላዋን አውልቃ ፀጉሩን ታደርቅለታለች። ከደረቀም በኋላ እጇን አታነሳም። ፊት ለፊቷ ቆሞ እየሳቀባት እያየችውም፣ እንደማታምን ሆና፣

«መጣህ?» ትለዋለች።